ባቄላውና ኪኒኑ፦ «ፓርኪንሰን የአንድ ንጥረ ነገር እጥረት ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከፒያሳ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሚያወርደው የቸርችል ጎዳና አካባቢ፣ በአንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ በፋርማሲስትነት እሠራለሁ። ባለፈው ጥቅምት ደንበኛዬ የሆኑ አንድ ጡረተኛ መምህር ማዘዣ ያወጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረጉልኝ። ቀኝ እጃቸው ወረቀቱን ይዞ ሳለ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ወረቀቱን ለቀው እጃቸውን ሲያሳርፉት ግን አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው እርስ በርስ መተሻሸት ጀመሩ። «እስኪ አንብቢውና ንገሪኝ ልጄ፤ ይኼ እውነት ከሆነ እኔ በየወሩ እዚህ የማፈሰው ገንዘብ ምን ሊባል ነው?» አሉኝ።

የዚያን ዕለት የሰጠኋቸው መልስ «ጋሼ፣ ብቻ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ» የሚል ነበር፤ ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ ነበርና። ጽሑፉ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚመለስ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ሥራው ይቀል ነበር፤ ነገር ግን ግማሹ እውነት ነው፤ ያውም ባማረ አማርኛ የተጻፈ እውነት። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ እጅን የሚያንቀጠቅጠውና እንቅስቃሴን የሚያዘገየው የአንጎል ሕመም ፓርኪንሰን፣ ዶፓሚን የተባለ፣ በአንጎል ውስጥ የእንቅስቃሴ መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር እጥረት ስለሆነ የጎደለውን መሙላት ይፈውሰዋል፤ ባቄላ ሌቮዶፓ የተባለውን የሕመሙን ኪኒን ይተካል፤ ኪኒኑ በአምስት ዓመት ውስጥ ኃይሉን የሚያጣ መርዝ ስለሆነ በተቻለ መጠን ሊዘገይ ይገባል፤ ቡናና ቪታሚን በሽታውን ያቆሙታል፤ በመጨረሻም ማይክሮ አር ኤን ኤ የተባሉት ጥቃቅን ሞለኪውሎች የኖቤል ሽልማት ስላስገኙ ምርመራውም ፈውሱም ከአንድ ጠብታ ደም ደጃፍ ላይ ደርሷል። በእሳቸው ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው የሚነሡበት ታሪክ ትክክል ነው። ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለው የለንደን ሐኪም በ1817 ስድስት ሰዎችን አይቶ ሕመሙን ሲገልጽ በአንጎል ውስጥ ምን እንደ ጎደለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ሪዘርፒን በተባለ መድኃኒት ደንዝዘው የቀሩ እንስሳትን ሌቮዶፓ ሰጥቶ መልሶ አንቀሳቀሳቸው፤ ለዚህና ለተከታይ ሥራው በ2000 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በ1960 ደግሞ ኸርበርት ኤሪንገርና ኦሌህ ሆርኒኪዬቪች በቪየና የሞቱ ሕሙማንን አንጎል መርምረው ዶፓሚን በእጅጉ መመናመኑን አሳዩ። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ልዩነት የለኝም።

የምንለያየው «እጥረት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ጸሐፊው ቃሉን የሚጠቀሙበት የብረት ማዕድን እጥረት እንደምንለው፣ ማለትም ከውጭ ገብቶ መጠራቀም የነበረበት ነገር እንደ ጎደለ አድርገው ነው። ዶፓሚን ግን እዚያው አንጎል ውስጥ የሚጋገር ነገር ነው። ታይሮሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ዱቄቱ ነው፤ ከምግብ በቀላሉ ስለሚገኝ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ አያጥረውም። አንድ ኢንዛይም ታይሮሲኑን ወደ ሌቮዶፓ ይለውጠዋል፤ ይህ ሊጡ ነው። ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ሌቮዶፓውን ወደ ዶፓሚን ይለውጠዋል፤ ይህ እንጀራው ነው። በፓርኪንሰን መሶቡ ባዶ የሆነው ጤፍ ስለጠፋ ሳይሆን ምጣዱ ስለተሰበረ ነው፤ ማለትም ሰብስታንሺያ ኒግራ በሚባለው፣ ጥቁር ቀለም ባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ስለሚሞቱ ነው። የእጅ መንቀጥቀጡና የእግር መጎተቱ በግልጽ እስኪታይ ድረስ ከእነዚህ ሕዋሳት ብዙዎቹ ሄደዋል። የተሰበረን ምጣድ ዱቄት በመጨመር ማንም አይጠግነውም።

ታዲያ ሕዋሳቱን የሚገድላቸው ምንድን ነው? ጸሐፊው እዚህ ላይ ዝም ይላሉ፤ እኔ ግን የጥቃቅን ሞለኪውሎች ነገር የሚገርመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ1982 በካሊፎርኒያ አንዳንድ ወጣት የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎች እንደ ሐውልት ደርቀው፣ መናገርም መንቀሳቀስም አቅቷቸው ወደ ሐኪም ቤት መጡ። ዊሊያም ላንግስተን የተባሉ የነርቭ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ነገሩን ሲከታተሉ፣ ወጣቶቹ ሄሮይን መስሏቸው በተወጉት ሰው ሠራሽ ዕፅ ውስጥ ኤም ፒ ቲ ፒ የተባለ አነስተኛ ሞለኪውል አገኙ። ይህ ሞለኪውል በራሱ ነርቭ አይገድልም። ወደ አንጎል ከገባ በኋላ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ቢ የተባለ ኢንዛይም ወደ ሌላ ቅርጽ ይለውጠዋል፤ ከዚያም የዶፓሚን ሕዋሳት የተለቀቀ ዶፓሚንን መልሰው የሚያስገቡበት በር ይህን የተለወጠ ሞለኪውል ዶፓሚን መስሎት ተቀብሎ ያስገባዋል፤ ውስጥ ሲደርስ ማይቶኮንድሪያን፣ ማለትም የሕዋሱን ጉልበት ማመንጫ፣ ያጠፋዋል። ሌሎች ሕዋሳት በሩ ስለሌላቸው ይተርፋሉ። በዚያ ሁሉ ውስጥ የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ሰዎቹን ያሽመደመዳቸው መግባት ያልነበረበት ነገር መግባቱ ነው።

በአብዛኛው ሕመምተኛ ላይ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ መርዝ አይገኝም። የሚገኘው አልፋ ሲኑክሊን የተባለ፣ 140 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ከቅርጹ ወጥቶና ተከማችቶ ነው። ፍሪትዝ ሌቪ በ1912 በአጉሊ መነጽር ያያቸው እብጠቶች ዋነኛ ይዘታቸው ይህ ፕሮቲን መሆኑ የታወቀው በ1997 ነው፤ በዚያው ዓመት የፕሮቲኑ ዘረ መል ሲበላሽ ፓርኪንሰን በቤተሰብ እንደሚተላለፍ ታየ። ዶፓሚን ራሱም ቢሆን ከተዘጋጀለት ከረጢት ውጭ በሕዋሱ ውስጥ ሲንሳፈፍ ኦክሲጅን ነክቶት ጎጂ ወደሆነ ነገር ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ «ዶፓሚን በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለው የጽሑፉ ሐሳብ በጤናማ ሕዋስ ውስጥ እንኳ አይሠራም።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ጽሑፉ ከተሰራጨ በኋላ የአንዲት እናት ልጅ «የዶፓሚን መርፌ አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አለ። የደም ግፊታቸው በጣም ለወደቀ ጽኑ ሕሙማን በሆስፒታል የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ለፓርኪንሰን ግን አንዳች አይረባም፤ ምክንያቱም ዶፓሚን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር አያልፍም። ሌቮዶፓ የሚሰጠው ሊጡ አጥሩን ስለሚያልፍና እንጀራው ስለማያልፍ ነው። ልጁ ከጽሑፉ የተረዳው «ከጎደለ ይጨመር» የሚለውን ነበር፤ አልፈረድኩበትም።

ወደ ባቄላው ልመለስ፤ የመምህሩም ጉዳይ ይኸው ስለነበረ ትንሽ እቆይበታለሁ። ባቄላ ሌቮዶፓ አለው፤ ማርከስ ጉገንሃይም የተባሉ ኬሚስት በ1913 ሌቮዶፓን ለይተው ያወጡት ከባቄላ ነው። ጸሐፊው ይህን በማስታወሳቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ይሁን እንጂ መጠኑ እንደ ባቄላው ዓይነትና ዕድሜ ይለያያል፤ እሸቱና ልጣጩ ላይ ይበዛል፣ ደርቆ በተከካው ላይ ያንሳል፣ ሲበቅል ደግሞ ይለወጣል። በጥቅምት ከመንገድ ዳር የተገዛ እሸት፣ በጾም የቀረበ በቆልት፣ በጸሎተ ሐሙስ የተበላ ጉልባንና ጠዋት የተበላ ፉል አንድ ዓይነት መድኃኒት አይደሉም፤ በየሳህኑ ያለውን ሚሊ ግራምም የሚመዝን ቤት የለም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ባቄላው ብቻውን መምጣቱ ነው። ኪኒኑ ውስጥ ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር፣ በሌላው ዓይነት ደግሞ ከቤንሰራዛይድ ጋር ተጣምሮ ይገኛል። የጓደኛው ሥራ ሌቮዶፓው ገና አንጎል ሳይደርስ በአንጀትና በደም ውስጥ ወደ ዶፓሚን እንዳይለወጥ መከልከል ነው። ይህ ጓደኛ ከሌለ አብዛኛው ሌቮዶፓ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የቀረው ደግሞ ያስመልሳል፣ የደም ግፊትም ያወርዳል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጆርጅ ኮትዚያስ የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ ሌቮዶፓን ብቻውን በአፍ ሲሰጡ በቀን በርካታ ግራም ድረስ ቀስ እያሉ መጨመር ነበረባቸው፤ ዛሬ በተለመደው ኪኒን ውስጥ ያለው ሌቮዶፓ 100 ወይም 250 ሚሊ ግራም ነው። ባቄላን መተማመን ከዚያ ዘመን ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ሦስተኛው ችግር ባቄላ የፕሮቲን ምግብ መሆኑ ነው። ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል የሚገባው ትላልቅ አሚኖ አሲዶችን በሚያመላልስ በር በኩል ነው። ማታ አራት ኪሎ ላይ የታክሲ ሰልፍ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፦ ሚኒባሱ 12 ሰው ነው የሚጭነው፣ ሰልፉ ላይ 80 ሰው ካለ አንገብጋቢ ጉዳይ ያለውም ሰው ይጠብቃል። ሥጋ፣ ወተት፣ ሽሮም ሆነ ባቄላ ሲፈጭ የሚወጡት አሚኖ አሲዶች ያንን ሰልፍ ይሞሉታል። ስለዚህ ነው ኪኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቢዋጥ የሚሻለው። ባቄላ ደግሞ ጭነቱንም ሰልፉንም ይዞ የሚመጣ ምግብ ነው።

መምህሩ ያደረጉት ኪኒኑን በግማሽ ቀንሰው ጠዋትና ማታ እሸት መብላት ነበር። አንዳንድ ቀን እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ያለ ከዘራ ሄደው መጡ፤ ጽሑፉን እውነት ነው ያስባላቸውም ይኸው ነው። በሌላ ቀን ከአልጋ ለመነሣት ልጃቸውን መጥራት ነበረባቸው። አንድ ማለዳ ደግሞ አንገታቸውና ትከሻቸው ሳያዝዙት እየተወዛወዘ ቁርሳቸውን መብላት አቃታቸው፤ ያ የሌቮዶፓ መብዛት ነበር። የጂ 6 ፒ ዲ ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሰዎች ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሕዋሶቻቸው ሊፈርሱ እንደሚችሉም ጽሑፉ አንድ ቃል አላነሣም። ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ትኩሳት፣ ብርቱ የጡንቻ መድረቅና ራስን መሳት ሊያስከትል የሚችል፣ ለሞትም የሚያደርስ ነገር ነው። ባቄላ መብላት የወደደ ሕመምተኛ ይብላ፤ ለሐኪሙ ይንገር እንጂ በኪኒኑ ቦታ አያስቀምጠው።

በዚሁ አጋጣሚ ጸሐፊው ያላነሡትን፣ እኔ ግን በየዓመቱ የማየውን ልጨምር። በዐቢይ ጾም ኪኒናቸውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያቆዩና ከዚያ የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚውጡ አባቶችና እናቶች አሉ። ሌቮዶፓ በደም ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ግማሹ ይሄዳል። በሽታው በገፋ ቁጥር የቀሩት ሕዋሳት የተረፈውን አጠራቅመው ማቆየት ስለሚያቅታቸው፣ የሰዓቱ ነገር ከመጠኑ ነገር እኩል ይሆናል። ይህን ለንስሐ አባታቸው ያስረዱና ፈቃድ አግኝተው በሰዓቱ የሚውጡም አሉ።

«ኪኒኑ መርዝ ነው፣ በአምስት ዓመት ኃይሉን ያጣልና ይዘግይ» የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣኝ ነው፤ ምክንያቱም ሰውን በማይመለስ ዓመት ላይ አልጋ ላይ ያስቀምጣል። ሥጋቱ ከባዶ ሜዳ እንዳልመጣ አምናለሁ፤ ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ይጋሩት ነበር። ከዓመታት በኋላ የመድኃኒቱ ውጤት እንደሚያጥርና ያልታዘዘ መወዛወዝ እንደሚመጣም እውነት ነው። ጥያቄው ይህን የሚያመጣው የመድኃኒቱ ዕድሜ ነው ወይስ የበሽታው ዕድሜ የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት ከረዱት መካከል በ2014 የወጣ፣ የጋናን ሕሙማን ከጣሊያን ሕሙማን ጋር ያነጻጸረ ጥናት አለ። ጋናውያኑ ሌቮዶፓ የጀመሩት በአማካይ በሽታው ከታየ ከ4 ዓመት በኋላ ነው፤ ጣሊያናውያኑ ከ2 ዓመት ትንሽ አለፍ ብለው ጀምረዋል። መወዛወዙና የመድኃኒቱ መቆራረጥ ግን በሁለቱም አገር የጀመረው በሽታው ተመሳሳይ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ነው። ጋናውያኑ በመዘግየታቸው ያተረፉት ነገር የለም፤ ያጡት ግን ሁለት ዓመት የተሻለ እንቅስቃሴ ነው። በ2019 የታተመው በ445 ሰዎች ላይ የተደረገ የኔዘርላንድስ ጥናትም ቀድመው የጀመሩትንና 40 ሳምንት ዘግይተው የጀመሩትን በ80ኛው ሳምንት ሲያወዳድር፣ መድኃኒቱ የበሽታውን ግስጋሴ ሲያቆምም ሲያባብስም አላየም። በእኛ አገር ብዙ ሰው ሳይወድ በግድ ዘግይቶ ነው የሚጀምረው፤ ሕመሙ «እርጅና ነው» ወይም «ልክፍት ነው» ተብሎ ዓመታት ያልፋሉ፣ መድኃኒቱም ከገበያ የሚጠፋባቸው ወራት አሉ። በዚህ ላይ ሆን ብሎ እንዲዘገይ መምከር አይገባኝም።

ስለ ቡናው በአጭሩ ልለፍ። በሃዋይ የሚኖሩ 8,004 የጃፓን ተወላጅ አሜሪካውያን ወንዶች ለ30 ዓመት ያህል ተከታትለው፣ በ2000 በወጣው ውጤት ቡና የማይጠጡት በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ከሚጠጡት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሌሎች ጥናቶችም ይህን ደግመውታል። ካፌይን አዴኖሲን የተባለውን ሞለኪውል ተቀባይ እንደሚዘጋ ስለምናውቅ ነገሩ መሠረት አለው፤ በዚሁ መንገድ የሚሠራ ኢስትራዴፊሊን የተባለ መድኃኒትም በጃፓን በ2013፣ በአሜሪካ በ2019 ተፈቅዷል። ነገር ግን ታመው ላሉ ሰዎች ካፌይኑ ራሱ በኪኒን ተሰጥቶ በተፈተነበትና በ2017 በታተመው ጥናት እንቅስቃሴያቸውን አላሻሻለውም። ምናልባትም በሽታው ገና ሳይታይ የቡናን ፍላጎት ስለሚቀንስ ይሆናል ዝምድናው የታየው። አቦልም ቶናም በረካም ለጨዋታው ይጠጡ፤ ሲኒው የሚንቀጠቀጥባቸው ሰዎች ከግማሽ በታች ይቀዳላቸው እንጂ ቡና ይከልከሉ የሚል የለም።

ቪታሚኖቹም ዕድላቸውን አግኝተው ነበር። ቪታሚን ኢ በ1993 በ800 ሕሙማን ላይ፣ ኮኤንዛይም ኪዩ 10 በ2014 በ600፣ ክሬቲን በ2015 ከ1,700 በሚበልጡ ሕሙማን ላይ ተፈትነው የበሽታውን ጉዞ አላዘገዩም። የዩሪክ አሲድን መጠን የሚጨምረው ኢኖሲንም በ2021 እንዲሁ ሆኖ፣ የኩላሊት ጠጠር ጨመረበት። እነዚህ እያንዳንዳቸው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያማሩ ነበሩ። ጽሑፉ የሚያመለክታቸው የሳህኑን ውጤት ብቻ ይዞ ነው፤ ሕመምተኛው ግን ለአንድ ብልቃጥ ኮኤንዛይም የሚከፍለው ገንዘብ አንዳንዴ የወር ሌቮዶፓውን ይበልጣል።

የመጨረሻው ነጥብ ማይክሮ አር ኤን ኤ ነው። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን በ1993 ከ1 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ትል ውስጥ ያገኙትና በ2024 የኖቤል ሽልማት ያሰጣቸው ግኝት ይህ ነው፦ 22 ፊደል ያህል የምትረዝም የአር ኤን ኤ ቁራጭ ፕሮቲን እንዲሠራ ትእዛዝ የያዘውን ረጅም መልእክት ላይ ትለጠፍና ትእዛዙን ታስቀረዋለች። ከእነዚህ መካከል 7 እና 153 በሚል ቁጥር የሚታወቁት አልፋ ሲኑክሊን በብዛት እንዳይሠራ የሚያግዱ መሆናቸው በላቦራቶሪ ታይቷል። ጸሐፊው ይህን በደስታ ይጠቅሳሉ፤ ነገር ግን የራሳቸውን የመጀመሪያ ነጥብ እንደሚያፈርስባቸው ያስተዋሉ አይመስለኝም። በ2003 የተገለጸ አንድ ቤተሰብ ውስጥ የአልፋ ሲኑክሊን ዘረ መል በሁለት ፈንታ አራት ቅጂ ሆኖ ተገኝቷል፤ ፕሮቲኑ ምንም ስሕተት ሳይኖርበት፣ ስለ በዛ ብቻ ሰዎቹ በፓርኪንሰን ታመዋል። ማይክሮ አር ኤን ኤውን ተስፋ የሚያደርገው ይህን ብዛት መቀነሱ ነው። በሽታው እጥረት ብቻ ከሆነ መቀነሻ ምን ያደርግለታል?

ተስፋው ተስፋ ነው፤ ገና መድኃኒት አልሆነም። እንዲህ ያለ ቁራጭ እንደ ሌቮዶፓ በር ተከፍቶለት ወደ አንጎል አይገባም፤ አንዱ ቁራጭም በአንድ ጊዜ ብዙ መልእክቶችን ስለሚያግድ አልፋ ሲኑክሊንን ሲቀንስ ሌላም ሊቀንስ ይችላል። የፕሮቲኑን ክምችት ለማጽዳት የተሠሩ ሁለት ፀረ እንግዳ አካላት ፕራሲኔዙማብና ሲንፓኔማብ በ2022 የታቀደላቸውን ግብ ሳይመቱ ቀርተዋል። ስለ ደም ምርመራውም ቢሆን፣ ቀይ የደም ሕዋሳት ራሳቸው አልፋ ሲኑክሊንና ማይክሮ አር ኤን ኤ የሞላባቸው ስለሆኑ፣ ናሙናው ሲቀዳ ጥቂት ሕዋሳት ቢፈርሱ ውጤቱን ያዛባሉ፤ የተለያዩ ጥናቶችም የተለያየ ዝርዝር ይዘው ይወጣሉ። ጥሩ ርምጃ የሄደው ምርመራ ከአከርካሪ ፈሳሽ የሚወሰደው ነው፤ በ2023 ከ1,100 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ ፓርኪንሰን ካለባቸው 100 ሰዎች 88 ያህሉን ለይቷል።

እስከዚያው ድረስ ከእኛ መድኃኒት ቤት በታች ባሉት የምርመራ ክፍሎች ሐኪሙ የሚጠቀመው በዓይኑና በእጁ ነው። ጣትህን አጋጭ ይላል፣ ክርንን ያጥፋል ይዘረጋል፣ ተነሥተህ ሂድ ይላል፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍ ይላል። መምህሩ ኪኒናቸውን ወደ ነበረበት መጠን ከመለሱ በኋላ ተመልሰው ሲመጡ፣ ሐኪማቸው ያዘዙላቸውን ሰዓት እንዳይረሱት በዚያው በፎቶ ኮፒው ወረቀት ጀርባ ላይ ራሳቸው እንዲጽፉ እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። «ጠዋት 1 ሰዓት» የሚለው የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈት ነበር፤ ጎላ ያለ፣ ቀጥ ያለ። «ቀን 7 ሰዓት» ሲደርሱ ፊደሉ በግማሽ አነሰ፤ «ማታ 1 ሰዓት» የሚለውን እኔም እሳቸውም ማንበብ ስላልቻልን ከሥሩ ደግሜ ጻፍኩላቸው።